በሥላሴ ቀን ያልተቆፈረው ቦይ

የትናየት ከብልባላ ከተማ አጠገብ፣ ከተራራው ግርጌ ባለች ማሳዋ ገብስ ትዘራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እሷንና ልጆቿን የምታበላው ይህችው ማሳ ናት። ከማሳዋ በላይ ጎርፉን ወደ ገደሉ የሚመልስ ቦይ አለ። በበጋ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ የቆፈረው ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም በየድርሻው ይጥረግ ተባለ። እኛ ዘንድ ነገር የሚበላሸው ይኼኔ ነው።

የላይኛው ድርሻ የጎረቤቴ የገብረመስቀል ነው። ከብቶቹ እየረጋገጡ ደፈኑት። የትናየት ሰኔ ሲገባ ነገረችው፤ ዘር ይለቅ አላት። ዘር አለቀ፤ ይደረስበታል አላት። እኔም ብነግረው አኮረፈኝ።

የሐምሌ ሥላሴ ዕለት ሰማዩ ከጠዋቱ ጠቆረ። በዚያ ቀን መሬት የቆፈረ በረዶ ያመጣል ተብሎ በእኛ አገር ይፈራል። የትናየት ከቅዳሴ በኋላ አባ ወልደ ሩፋኤልን ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ጎርፍ መመለስ ኃጢአት የለበትም ብለው ፈቀዱላት። ዶማዋን ይዛ ወጣች። ገብረመስቀል ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«አንቺ ለአንድ ማሳ ብለሽ አገሩን በበረዶ ልታስመቺው ነው?» አላት።

ሌሎችም ከኋላው መጡ። አባ ፈቅደውልኛል ብትል ማን ሰምቷት። ዶማዋ መሬት ሳይነካ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ጎርፉ የተደፈነውን ቦይ ጠርዝ ሰብሮ ገብሱን ከነአፈሩ ጠራርጎ ወሰደ፤ በምትኩ ድንጋይ ከመረበት። በረዶ የሚባል ግን አንዲት ፍሬ አልወረደም።

እሁድ ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተቀመጡ። ቦዩን ማን ደፈነው ብሎ የጠየቀ የለም። የተጠየቀው ማን በዓል ሽሮ ይህን መዓት አመጣብን ነው። ገብረመስቀል የትናየትን ዶማ ይዛ አይቻታለሁ ብሎ መሰከረ። አልቆፈረችም ብልም የሰማኝ የለም፤ አባ ደግሞ ላሊበላ ሄደው ነበር። ድንጋይ ተሸክማ መንደሩን ይቅርታ ትጠይቅ ተብሎ ተፈረደባት። ንዴቴ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

«ብቆፍር ኖሮ ገብሴ ይተርፍ ነበር» አለች የትናየት። «ድንጋዩን ግን ከማሳዬ አመጣለሁ፤ ጎርፉ ሞልቶልኛል።»

ሰኞ ማለዳ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተሰብስበን ጠበቅናት። ትልቅ ድንጋይ ተሸክማ ከማሳዋ ብቅ አለች። ወደ እኛ አልዞረችም። ዳገቱን ይዛ ወጣች፣ ድንጋዩን በተሰበረው የቦይ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ሌላ ልታመጣ ወረደች።