ፎቶው ያለው ዲስኩ ውስጥ ነው

ከሱቄ ፊት ለፊት ድንች የሚሸጡት እማማ ጠዋት ጠዋት መንገዱን ተሻግረው ሲመጡ ከሩቅ አያቸዋለሁ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነው የሚመጡት። እስኪደርሱ እኔ ደግሞ ፊቴን አስተካክላለሁ፤ «ደኅና ነው፣ ምንም ችግር የለም» የሚል ፊት።

«እንዴት አደረ?» ይላሉ ገና በሩ ላይ። ኮምፒውተሩን ነው፤ እንደ በሽተኛ ይጠይቁታል።

«ደኅና አደረ እማማ።»

«ትናንትም ደኅና ነው ብለሽኝ ነበር።»

ከዚያ የደንበኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡና ዓይናቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ይተክላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጅባራ ላይ ፎቶ አነሣለሁ፣ ጽሑፍም እጽፋለሁ። ያን ሰሞን መብራት ሄዶ ሲመለስ የድሮው ኮምፒውተሬ ተቃጠለ። ዲስኩ ብቻ ተረፈ። እኔም ከባሕር ዳር በሚኒባስ ሹፌር እጅ ዕቃ አስመጥቼ፣ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ የማይገባኝን እንግሊዝኛ እየዘለልኩ፣ አዲስ ኮምፒውተር ራሴ ገጣጠምኩ። ሲበራ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ግን የድሮው ዊንዶውስ ከአዲሶቹ ዕቃዎች ጋር አልስማማ አለ። እንደ አዲስ መጫን ነበረብኝ፤ ያውም በዚያችው በተረፈችው ዲስክ ላይ።

ዲስኳ ለሁለት የተከፈለች ናት። አንዱ ክፍል ላይ ዊንዶውሱ ይጫናል። ሌላው ላይ የደንበኞቼ ፎቶዎች አሉ፤ ከእነሱም መካከል የእማማ ባለቤት። እኒያ ሰውዬ ለፈረስ ማኅበር መታወቂያ ብለው አንድ ቀን ሱቄ መጥተው ተነሥተው ነበር። አሁን የሉም፤ ተዝካራቸውም በዚያ ሳምንት እሑድ ነበር። በዘመዶቻቸው ስልክ ላይ የተገኘው ፎቶ ደግሞ ፈረስ ላይ ሆነው ከኋላ የተነሡት ነው። ፊታቸው የሚታይበት ፎቶ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነበር።

መጫን ስጀምር የትኛው ክፍል ይጥፋ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ደጋግሜ አንብቤ፣ ስሙን በጣቴ እየተከተልኩ፣ ትክክለኛውን መረጥኩ። ፐርሰንቱ መቁጠር ጀመረ። አጋማሽ ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ።

መብራት ነው ብዬ ቀና ብል አምፖሉ በርቷል። እንደገና ጀመርኩት። እንደገና ጠፋ። የምጭንበት ፍላሽ ይሆናል ብዬ ሌላ ፍላሽ አዘጋጀሁ። ያው ነው። ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርድ ነቅዬ የብረት ጥርሱን በላጲስ ፈተግሁት። እሱም አልረዳኝም።

ዳንግላ ላለው የሥራ ባልደረባዬ ደወልኩ።

«አንቺ ደግሞ ኮምፒውተር መሥራት ጀመርሽ? ቆይ ብቻ፣ ነገ አውሮፕላን ነው» አለኝ።

«አትቀልድብኝ፤ ስጭን መሐል ላይ ይጠፋብኛል።»

«መብራት ይሆናላ።»

«አይደለም አልኩህ።»

«ዲስኩ የድሮው ነው?»

«አዎ።»

ቀልዱን ተወ። «ስሚኝ እህቴ፣ እየጻፈ እያለ ደጋግሞ ከጠፋ ዲስኩ ይሞታል። ዝም ብለሽ አታብሪው አታጥፊው። ይዘሽልኝ ብትመጪ ጥሩ ነበር።»

«መንገዱስ?»

«እሱማ አለ» አለ። ዳንግላ ቅርብ ናት፤ ዕቃዬ ከመጣ ወዲህ ግን መንገዱ ተዘግቶ ነበር።

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል እማማ እያዩኝ ነው። ሁሉንም ሰምተዋል። በአውኚ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ግማሹ ገባኝ፣ ስለ እግዜር ነበር። ከዚያ በአማርኛ፦

«ልጄ፣ የለም ከሆነ የለም በይኝ። ይለይልኝ። እሱን አንዴ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ቀርቶብኛል፤ ፎቶውን ደግሞ እንዲያ አልጠብቅም።»

«አለ እማማ» አልኳቸው። መኖሩን ግን አላውቅም ነበር።

ያን ዕለት ኮምፒውተሩን መንካት ፈርቼ ምሳ ለመብላት ቤት ሄድኩ። እያላመጥኩ አንድ ነገር መጣልኝ። ጠዋት ሲከፈት ብዙ ይቆያል። ጠፍቶ ወዲያው ሲከፈት ግን ቶሎ ይጠፋል። ሲያርፍ ይበረታል ማለት ነው። ሙቀት ነው! ግን ደግሞ እንጅባራ ላይ የምን ሙቀት? እጄን በብብቴ እያሞቅኩ ነው የምሠራው፤ ማራገቢያውም ይዞራል።

ተመልሼ ሽፋኑን ከፈትኩና አበራሁት። የኮምፒውተሩ አእምሮ በሆነው ፕሮሰሰር ላይ የተቀመጠውን ብረት ነካሁት። ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ስቦ መጋል ያለበት እሱ ነው። እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ከሥሩ ያለው እየነደደ እሱ አልሰማም።

አጥፍቼ ብሎኖቹን ፈታሁ። ብረቱን ገልብጬ ሳየው፣ ከታቹ ስስ ላስቲክ ተለጥፎበታል። ጥርት ያለ፣ አዲስ ዕቃ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት። ስገጥመው አይቼዋለሁ እኮ። እንዳይጨማደድ ብዬ ጭራሽ በአውራ ጣቴ አስተካክዬዋለሁ። እኛ ጋ እንግዲህ ላስቲክ አይላጥም። የሪሞቱ ላስቲክ ቁጥሩ እስኪደበዝዝ ይቆያል፤ የሶፋው ላስቲክ ላይ ስንት እንግዳ ተንሸራቷል። የባጃጅ ወንበር እንኳ በላስቲኩ ነው የሚያረጀው።

«ምን አገኘሽ?» አሉ እማማ።

«ላስቲክ።» ጫፉን ይዤ ላጥኩት።

«እንዴ፣ ምን አድርጎሽ ትልጭዋለሽ? አዲስ አይደለም?»

ሳቄ መጣ፤ ግን አልሳቅኩም። መሣቂያው ገና አልደረሰም ነበር። ሙቀት የሚያሳልፈውን የፊቱን ቅባት በጥጥ ጠርጌ፣ ከዕቃው ጋር በመጣችው መርፌ ውስጥ የቀረችውን ጠብታ ጨምቄ ቀባሁና መልሼ ገጠምኩት።

ፐርሰንቱ መቁጠር ጀመረ። አጋማሹ ላይ ደረሰ። አለፈ። ብረቱን ነካሁት፤ ሞቋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ቆሜ ነው ያየሁት። እማማም ተነሥተው አጠገቤ ቆሙ። ምን እንደምናይ ባያውቁም እኔ ያየሁትን ሁሉ ያያሉ።

ተጭኖ አለቀ። ወደ ሁለተኛው ክፍል ስገባ ግን ዲስኩ ይመርመር ብሎ ጽሑፍ አወጣ። እሺ አልኩት፤ ሌላ ምን ምርጫ አለኝ? ምርመራው የት እንደደረሰ የምታሳየው ጭረት መሐል ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። ባልደረባዬ ያለው ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ከዲስኩ «ጢቅ ጢቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ እማማን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ጭረቷ ቆይታ ቆይታ ፈቀቅ አለች።

ማህደሩ ተከፈተ። ፎቶዎቹ መጀመሪያ ባዶ ሳጥን ሆነው መጡ፤ ከዚያ አንድ በአንድ መልክ አወጡ። አንዳንዶቹ ባዶ ሳጥን እንደሆኑ ቀሩ፤ የሙሽሮች ነበሩ፣ ዛሬም አልተከፈቱም። የእኒያ ሰውዬ ግን ወጣ። ሦስት ጊዜ ነበር ያነሣኋቸው። ሁለቱ ላይ እንደ መታወቂያ ኮስተር ብለዋል። አንዱ ላይ ሊስቁ ሲሉ ቀድሜያቸዋለሁ።

«ይሄ ለመታወቂያ አይሆንም ብዬ የተውኩት ነው» አልኳቸው።

እማማ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው፣ ሳይነኩት ያዙት። «ምን ብለሽው ነው የሳቀው?»

እኔ እንኳን ለተጠየቅኩት፣ ላልተጠየቅኩትም ወሬ አላጣም። ያን ጊዜ ግን የሆነ ነገር ፈጥሬ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። «አላስታውስም እማማ።»

«እንግዲያው ይሄንን አውጪልኝ።»

ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ እንዳይወድቅ ሁለት እጃቸውን ከሥሩ ዘረጉ።

«ቀለሙ እርጥብ ነው፤ እስኪደርቅ ፊታቸውን እንዳይነኩት» አልኩ።

«አልነካውም» አሉ፤ ጠርዝ ጠርዙን ይዘው እስኪደርቅ እዚያው ቆሙ።