ለሀዋ ድምፅ የመረጥኩት ፕሪአምፕሊፋየር

ባለፈው ሳምንት ጎብዬ የሚኖር አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ሁለት ፎቶ በስልኬ ላከልኝ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የድሮ ሙዚቃ መሣሪያ መሰብሰብ ይዟል። የካሴት ማጫወቻው፣ አምፕሊፋየሩ፣ ስፒከሮቹ ሁሉ ተሟልተውለት የቀረው ፕሪአምፕሊፋየር ብቻ ነው፤ ያገለገሉ ሁለት አግኝቷል። «አንተ ድሮ ይሄን ነገር ታውቅ ነበር አሉ፤ የቱን ልግዛ?» ይላል መልእክቱ። ፎቶዎቹን ደጋግሜ አየኋቸው፤ መልስ መጻፍ ግን አቃተኝ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንዲህ ካሉ ሁለት ዕቃዎች መሐል መርጫለሁ። ትክክል ልምረጥ ልሳሳት እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ቆቦ አስተምራለሁ፤ ከአባቴ ጋር በአንድ ግቢ እንኖራለን። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። ታላቅ እህቴ ሀዋ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። አባቴ ሰይድ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ወፍጮ ቤት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ እዚያ ሰው የሚግባባው በእጁ ነው። ቅንድባቸው በዱቄት ነጥቶ ወደ ቤት ሲመጡ፣ ከዱቄቱ ጋር አብሮ ያ ጩኸት የመጣ ይመስለኝ ነበር። ጆሯቸው ቀስ በቀስ ደከመ። የሚገርመው ጨርሶ አልጠፋም። የጭነት መኪና በዋናው መንገድ ሲያልፍ ይሰማቸዋል፤ በር ሲደበደብ ይሰማቸዋል። ሰው የሚናገረውን ቃል ግን አይለዩትም። ይህንን ግን በማንም ፊት አያምኑም። ፈገግ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቁና «አልሃምዱሊላህ» ይላሉ። ለአብዛኛው ጨዋታ ይህ መልስ ይበቃል።

እኔ ደግሞ በሙዚቃ መሣሪያ ተለክፌ ነበር። ማጫወቻውን ደሴ አገኘሁት፤ አምፕሊፋየሩን ከተዘጋ ሙዚቃ ቤት ገዛሁ፤ የስፒከሮቹን ሳጥን ቆቦ ያለ አናጢ ከዋንዛ ሠራልኝ። የቀረኝ ፕሪአምፕሊፋየር ነበር፤ ከማጫወቻው የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ መጥኖ፣ ወደ ትልቁ አምፕሊፋየር የሚያሳልፈው ዕቃ። አንድ ቀን ትዕግሥት አጥቼ ያለ እሱ በቀጥታ ባገናኛቸው ቤቱ በጩኸት ተናጋ። አባቴ ከግቢ ሮጠው ገቡና «ምን ተናደ?» አሉ።

የጥቅምት ወር ነበር፤ ሀዋ ድምፅዋ ከጠፋ ዓመት ሊሆን ነው። ከጅዳ የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ አንድ ካሴት አመጣች። ሀዋ በደብዳቤ ፋንታ ድምፅዋን ቀድታ ልካለች። በትንሿ ቴፓችን ከፈትነው። እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ጎረቤቱን አንድ በአንድ ትጠራለች። መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ቀነስ አለ፦ «አባ፣ ኮንትራቴ ሊያልቅ ነው። ሁለት ዓመት ጨምሪ እያሉኝ ነው። እኔ ደክሞኛል። ልምጣ ወይስ ልቆይ? አንቱ ያሉኝን ነው የማደርገው።»

አባቴም ጆሯቸውን በቴፑ ላይ ለጥፈው ነበር። የሚሰማቸው ጉምጉምታ ብቻ መሆኑ ከፊታቸው ያስታውቃል። ያለችውን በጩኸት ልነግራቸው ስጀምር መዳፋቸውን አነሱብኝ።

«ተው። ልጄን በራሷ አፍ ነው የምሰማት። ያ የምትለፋበት ዕቃ መቼ ነው የሚያልቀው?»

በማግሥቱ ዋጃ ሄድኩ። ጋሽ ኪሮስ የሚባሉ የከባድ መኪና ሾፌር ሁለት ያገለገሉ ፕሪአምፕሊፋየሮች እንዳሏቸው ሰምቻለሁ። ሊያማክረኝ የሚችለው የቆቦው ሬዲዮ ጠጋኝ ተኮላ ለዘመድ ሠርግ ደሴ ወርዷል፤ እሱን ልጠብቅ ብል ደግሞ አባቴ መጠበቅ አልቻሉም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ራሱን ጥሏል፤ ሚኒባሱ በቆመ ቁጥር ጥንቅሽ የያዙ ሴቶች መስኮቱን ይከቡታል። አንድ አገዳ ገዝቼ እየላጥኩ መጠጥኩ። ጣፋጭነቱ አሁን ድረስ አፌ ላይ አለ፤ ልቤ በደስታ የሞላበት የመጨረሻው ሰዓት ስለነበር ይሆናል።

ዋጃ ከጠዋት ጀምሮ መብራት ጠፍቷል። ጋሽ ኪሮስ ሁለቱን ዕቃዎች አልጋ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡልኝ። አንዱ ያብረቀርቃል፤ ፊቱ ላይ የድምፅ መጨመሪያ ብቻ ነው ያለው። ሌላው ጥግ ጥጉ ተፈግፍጓል፤ ከመጨመሪያው በተጨማሪ ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክሉ ሁለት ማዞሪያዎች አሉት።

«ጋሽ ኪሮስ፣ የቱ ይሻላል ይላሉ?»

«ወንድሜ፣ እኔ የማውቀው መኪና ነው» አሉ በቅንነት። «ጅቡቲ ሲሸጡልኝ ሁለቱም ይሠራሉ ብለውኛል። መብራት ቢኖር ትሞክረው ነበር። ነገ ጠዋት ከወልድያ የሚመጣ ሰው አለ፤ አንተ የተውከውን እሱ ይወስዳል።»

ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅኩ፤ መብራቱ አልመጣም። አንዱን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ ሌላውን አነሳለሁ። አንድ መጽሔት ላይ ማዞሪያ ሲበዛ ድምፅ ይበላሻል የሚል አንብቤ ነበር። የሀዋ ድምፅ ሳይበላሽ፣ እንደተናገረችው፣ ጥርት ብሎ እንዲደርሳቸው ፈለግኩ። የሚያብረቀርቀውን አቅፌ ተመለስኩ።

አባቴ ለጁምዓ የሚለብሱትን ነጭ ልብስ ለብሰው ከስፒከሮቹ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ገመዶቹን አገናኝቼ ካሴቱን ከፈትኩ። እንደዚያ ያለ ጥራት ሰምቼ አላውቅም። የእጅ አምባሯ ከማይክራፎኑ ጋር ሲነካካ ሳይቀር ይሰማል። አባቴ ራሳቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። «ማሻአላህ» አሉ፤ «ማሻአላህ፣ ልጄ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የኔም ተከተለ። ድምፁን ጨመርኩላቸው፤ ይበልጥ ነቀነቁ።

ካሴቱ አለቀ። ማጫወቻው ቀጭ ብሎ ቆመ። አባቴ መነቅነቃቸውን አላቆሙም። ዓይናቸውን ስፒከሩ ላይ ተክለው፣ ዝም ባለው ቤት ውስጥ፣ ፈገግ እያሉ ይነቀንቃሉ።

ጠጋ ብዬ በጩኸት «አባ፣ ምን ብለን እንመልስላት?» አልኳቸው።

«እንዳለችው ይሁን» አሉ። «አልሃምዱሊላህ፣ ደኅና ናት።»

እሷ ውሳኔውን ለእሳቸው ነበር የተወችው። «አልሰሙም እኮ» ማለት እችል ነበር፤ ጥያቄዋን ጆሯቸው ሥር መጮህ እችል ነበር። ነገር ግን የለበሱትን ልብስ አየሁና ካሴቱን አውጥቼ ወደ ማኅደሩ መለስኩት።

በማግሥቱ ሌላውን ላስለውጥ ዋጃ ተመልሼ ሄድኩ። የወልድያው ሰው ቀድሞኝ ወስዶታል። ማን እንደሆነ እንኳ ጋሽ ኪሮስ አያውቁም። በሳምንቱ ተኮላ ከደሴ ሲመጣ ሁሉን ነገርኩት።

«ወፍጮ እኮ ከጆሮ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው» አለኝ። «ጫጫታው ይሰማቸዋል፤ ቃሉን ነው የማይለዩት። ጥርት ቢልም፣ ቢጮህም ዋጋ የለውም። ቀጭኑን ለብቻው ከፍ የሚያደርግ ነበር የሚያስፈልግህ።»

«ያኛው ቢሆን ይሰሙ ነበር?»

«ምናልባት። ሳይሞከር በምን ይታወቃል?»

ያን ቀን ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በአባቴ ስም። «ነይ» አልኳት። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ለእሷም ቃሉ የኔ መሆኑን አልጻፍኩም። እሺ ይሉ እንደነበር አምናለሁ። ማመን ግን መጠየቅን አይተካም።

ሀዋ በሚያዝያ መጣች፤ ከስታለች፣ እጆቿ በሳሙና ተሰነጣጥቀዋል። ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ ከአባታችን ጋር ቤት ውስጥ ተቀምጣ ከሰዓቱን በሙሉ አወራቻቸው። ቆይታ ወደ ግቢ ወጣችና አጠገቤ ቆመች።

«አይሰሙም አይደል?»

«አይሰሙም።»

«ካሴቱንስ?»

ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው ያን ጊዜ የገባት ይመስለኛል። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ አበሰችና ተመልሳ ገባች። ወዲያው ድምፅዋን ሰማሁ፤ ካቆመችበት ቀጥላለች። አባታችን እስኪሞቱ ድረስ ሁለት ዓመት፣ በየቀኑ ከአጠገባቸው ተቀምጣ ስታወራቸው ኖረች። እሳቸውም ነቀነቁላት።

ስለዚያ ጊዜ ከሀዋ ጋር ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ዘንድሮ ለዒድ ቤቷ ሄጄ ስንጫወት ድፍረት አገኘሁና ጠየቅኳት፤ ያን ሁሉ ቀን ምን ነበር የምትነግሪያቸው? አሁን የልጅ ልጆች አሏት። ሳቅ አለችና ወደ በሩ አየች።

«ጅዳ የሆንኩትን ነዋ። ለባሌም ያልነገርኩት አለ። ይሰሙኝ ቢሆን ኖሮ ግማሹንም አልነግራቸውም ነበር።»

እኔ ያን ሁሉ ዓመት የተጸጸትኩት አባቴ የልጃቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ቀሩ ብዬ ነበር። ያ ጸጸት ቢያንስ የኔ ነው፤ ለምጄዋለሁ። አሁን ግን ምን እንደምመኝላቸው ራሱ ጠፍቶኛል፤ ሰምተው ቢሆን ብዬ እጀምርና የእህቴ የተሰነጣጠቁ እጆች ትዝ ሲሉኝ፣ ያን ሁሉ ለማን ታወራው ነበር እላለሁ፤ ምኞቴን መጨረስ ያቅተኛል።