ድመቷ አምቦ ላይ የወረደች ቀን

ከሠርጌ በኋላ ጌዶ አማቴ ቤት የቆየሁት ሦስት ሳምንት ነው። ቆየሁ ይባል እንጂ አንድም ቀን ተረጋግቼ አልተቀመጥኩም። ስልክ ሲጠራ እነሳለሁ። ደጅ መኪና ሲቆም መጋረጃ እገልጣለሁ። ያጣጠፍኩትን ልብስ ዘርግፌ እንደገና አጣጥፋለሁ። አማቴ ሲያዩኝ ይቆዩና፣ «ቁጭ በዪ እንጂ ልጄ፣ ወንበሩ እኮ አይነክስም» ይሉኛል።

ባለቤቴ ወታደር ነው። ክፍሉ ያለው ምሥራቅ፣ ከጅጅጋ ወዲያ ነው፤ ለሠርጋችን የዓመት ፈቃዱን ወስዶ መጥቶ ነበር። ፈቃዱ ሲያልቅ አብሬው እንድሄድ ሁለታችን ተስማምተናል። ካምፑ አጠገብ ካለች ትንሽ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ያልተስማማችው እናቴ ነበረች።

እናቴ አምቦ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። በመልሳችን ቀን፣ ቤቱ በዘመድ ጢም ብሎ ሳለ፣ ባለቤቴን አጠገቧ አስቀምጣ፣ «አንተ ድንበሩን ጠብቅ፤ እሷን እኔ እጠብቅልሃለሁ» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የእናቴን ቀልድ አውቀዋለሁ፤ ቀልድ አይደለም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው እሷና እኔ ብቻ ነበርን። ስለዚህ ከጌዶ ስንነሳ አምቦ ሁለት ሌሊት ልናድር፣ ባለቤቴ በወግ ሊለምናት፣ እሷም መርቃ ልትሸኘን ተነጋገርን። ሳትመርቀኝ መሄድ የሚባል ነገር በሐሳቤም አልነበረም።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ከክፍሉ ስልክ ተደወለ። ፈቃዱ አጠረ። የጦሩ የስንቅ መኪና ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ከአዲስ አበባ ስለሚነሳ፣ ከነጓዛችን በሱ እንድንሄድ ተፈቅዶልናል። ካመለጠን ግን እሱ አርፍዶ ይቀጣል፤ ጓዛችንን የሚጭንልን ሌላ መኪናም የለም። በዚያ ላይ የዚያን ሰሞን የአምቦ መንገድ ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገ ግን ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም ነበር። ባለቤቴ ወታደርነቱ መንገድ ላይ እንዳይታወቅ መለዮውን ከሻንጣው ሥር፣ ከኔ ቀሚሶች በታች ቀበረው።

«ለእናትሽ ደውይላት፤ ለአንድ ሰዓት እንኳ ጎራ እንላለን» አለኝ።

«ከደረስን በኋላ እደውላለሁ» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። ዛሬም ድረስ ያንን አስተያየቱን አልረሳውም። እኔ ግን አንድ ነገር አውቅ ነበር፤ የእናቴን ፊት ካየሁ እግሬ አይነሳም። በራሴ ከተማ እንደ ሌባ አቀርቅሬ ለማለፍ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እሱ የለበትም።

አሁን ስለ ጓዛችን ልንገራችሁ። ፍራሽ፣ ሁለት ጀሪካን፣ የሠርግ ስጦታ ብርጭቆ፣ እንዲሁም ውሻና ድመት። ውሻው የባለቤቴ ነው። ባለቤቴ ውትድርና በገባበት ዓመት ስለተወለደ «ምልምል» ይለዋል። እሱ በሄደ ቁጥር በር ላይ ተኝቶ እህል እምቢ ስለሚል፣ አማቴ «በዚህኛው ጊዜ ከነውሻህ ሂድልኝ» ብለው ነበር። ድመቷ ደግሞ የኔ ናት፤ አምቦ እናቴ የስፌት መኪና ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ያደገች። ሙሽራ ሆኜ ጌዶ ስገባ አብራኝ ነው የገባችው። የጌዶ ሰው፣ «ሌላ ሙሽራ ላም እየነዳች ትመጣለች፤ የናንተዋ ድመት አቅፋ መጣች» እያለ አማቴን ሲያሾፍባቸው ከርሟል። አንገቷ ላይ እናቴ ከሚዜዎቼ ቀሚስ ትራፊ የሰፋችላት ቀይ ማሰሪያ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሰንጋ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን መኪና አገኘን። ሾፌሩ የባለቤቴ የልጅነት ጓደኛ ነው። ከኋላ አራት ሰንጋ፣ ከነሱ ፊት በጣውላ ተከልሎ የኛ ጓዝ፣ ጓዙ ላይ ምልምል። እኛ ጋቢና። ድመቷን የስንዴ ዱቄት የነበረበት የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ከተትናት። አማቴ ከረጢቱን ተቀብለውኝ ደጃፉ ላይ ወጡና በሁለት እጃቸው ይዘው ሦስት ጊዜ አዞሩት።

«ድመት የምትለምደው ቤቱን ነው፣ ሰውን አይደለም» አሉኝ። «መንገዱን ካየች ትመለሳለች። ሦስቴ ካዞርሻት ግን የመጣችበት ይጠፋባታል። ሁልጊዜ ሦስት ነው፤ እንዳትረሺ።» ከዚያ በኦሮምኛ፣ «አንቺንም ማዞር ነበረብኝ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» ብለው ሳቁና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ጉደር እስክንደርስ ድመቷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ምልምል ነው መንገዱን ሁሉ ሲያላዝን የመጣው። ጉደር ድልድዩ ላይ አንዱ ሰንጋ ጓዛችንን ማሽተት ጀመረ መሰለኝ፣ ጩኸቱ ሌላ ሆነ።

«አስር አለቃ፣ ምልምልህ ጦር ሜዳ ሳይደርስ እጁን ሰጠ» አለ ሾፌሩ።

«አርፈህ ንዳ» አለው ባለቤቴ። ይስቃል፣ ግን ሰዓቱን ያያል። እኔም አያለሁ። አምቦ ልንገባ ስንል ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ አወረድኩ። የማውቀው ሱቅ፣ የማውቀው ባጃጅ፣ የማውቃቸው ሰዎች በመስታወቱ ያልፋሉ። በልቤ «እለፍ፣ እለፍ፣ እለፍ» እላለሁ ለሾፌሩ።

የአምቦን ድልድይ እንደተሻገርን የኋላው ጎማ ተነፈሰ።

ሾፌሩ እየተንፏቀቀ ወስዶ የቆመው የት ይመስላችኋል? ከእናቴ ቤት ሁለት ቅያስ ብቻ ከሚርቀው ጎሚስታ ደጅ። ልጅ ሆኜ የብስክሌት ጎማ የተሞላልኝ ቦታ ነው። ሁለቱ ወንዶች ወርደው ጎማውን ይፈታሉ፣ እኔ ጋቢና ውስጥ አቀርቅሬያለሁ። ፀሐዩ ከረረ። ድመቷ መጮህ ጀመረች፤ የታፈነች ልጅ ድምፅ ነው የሚመስለው። አፍንጫዋ በጨርቁ ላይ ሲሄድ ይታየኛል። ትንሽ አየር ታግኝ ብዬ ገመዱን ላላ አደረግሁት። ራሷን አወጣች። የሰፈሯን ጠረን ሳበች። እጄ ላይ አራት የጥፍር ጭረት ትታ በመስኮቱ ወጣች።

ወርጄ ሮጥኩ። ነጠላዬ ወድቆ ትከሻዬ ላይ ቀርቷል፤ መደበቁ ሁሉ ተረስቷል። የመጀመሪያውን ቅያስ ታጠፈች። ሁለተኛውን ታጠፈች። ሦስተኛ የለም፤ የኛ በረንዳ ነው።

እናቴ የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፋች ነበር። ድመቷ ስፌት መኪናው ሥር፣ የድሮ ቦታዋ ላይ ተጠቅልላ እግሯን ትልሳለች። እናቴ ቀና አላለችም። እግሯ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ጨርቁ ይሄዳል።

«ድመትሽ ቀደመችሽ» አለች።

«እማ...»

«ከጌዶ እዚህ ድረስ በእግሯ? ጎበዝ ናት።»

መስመሩን ሰፍታ ጨረሰችና ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ያን ጊዜ አየችኝ።

«መኪናው የት ቆመ?»

«ጎሚስታው ጋ። ጎማ ተነፈሰ።»

«እሺ» አለች። ቀስ ብላ መነጽሯን አወለቀች። «ባይተነፍስስ?»

በሕይወቴ ከባድ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አልተጠየቅኩም። ዓይኔን ከፊቷ አሸሸሁ። ከስፌት መኪናው ወዲያ ግድግዳው ላይ የሠርጋችን ፎቶ ተሰቅሏል፤ በጎኑ ሁለት ትራስ ፀሐይ ላይ ወጥቷል። ለኛ ነው። ሁለት ሌሊት እናድራለን ስላልን ፍራሽና ትራስ ስታናፍስ ነበር።

ባለቤቴ ምልምልን በገመድ ይዞ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል በእጇ አስቆመችው።

«እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «እንቸኩል ያልኳት እኔ ነኝ።»

«አንተ ዝም በል። ይህቺን እኔ ነኝ የወለድኳት፤ የዋሸች ቀን ጆሮዋ ይቀላል። እየው።»

እሱም ዞሮ አየው። መቅላቱ ተሰማኝ።

«ተደብቄሽ ልሄድ ነበር» አልኳት። «ካየሁሽ የማልሄድ መሰለኝ። መሄድ ደግሞ እፈልጋለሁ።»

ይህን በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ ጨረስኩ። ከዋናው መንገድ የሾፌሩ ጥሩምባ ሁለቴ ጮኸ። ጎማው ተሠርቷል ማለት ነው። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። ምልምል ብቻ ሄዶ የእናቴን ጫማ አሸተተና እግሯ ሥር ተጋደመ፤ ጌዶ ማንንም የማያስጠጋ ውሻ።

«ቤቱ መዝጊያ አለው?» አለች እናቴ፣ ባለቤቴን።

«አለው።»

«ውሃስ?»

«በቦቴ ይመጣል። በሳምንት ሁለቴ።»

«አንተ ግዳጅ ስትወጣ ማን አለላት?»

ይዋሻል ብዬ ጠበቅሁ። ዋሽቶ ቢሆን ደስ ባለኝ። «ጎረቤት ያው የጓደኞቼ ሚስቶች ናቸው። እስክትለምድ ግን ማንም የላትም» አላት።

ጥሩምባው እንደገና ጮኸ። እናቴ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች፤ ሽሮ በእንጀራ ይዛ ወጣች። «አማቼ ጦሙን ከቤቴ አይወጣም» ብላ ቆመን ሳለን አጎረሰችን፤ እሱን ሁለቴ፣ እኔን አንዴ። የኔው ጉርሻ ትልቅ ስለነበር እያለቀስኩ ማኘክ አቃተኝ፤ እሷም አይታ «ቀስ በዪ፣ ታንቀሽ እንዳትቀሪ» አለች። ለምልምል የሳህኑን ትራፊ ሰጠችው። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ የሳሎኑን መስኮት መጋረጃ ከነሽቦው አወረደችውና ጠቅልላ ለባለቤቴ አስታቀፈችው። «የባዕድ አገር መስኮት መጀመሪያ ይሸፈናል» አለችው። «ሌላው ይደርሳል።»

ድመቷን ግን ለማንም አልሰጠችም። ክንዷ ሥር ይዛት፣ የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ፣ በነጠላ ጫማ ከፊት ከፊታችን እስከ መኪናው ሄደች። የሰፈሩ ሰው ከየደጁ ሰላም ሲላት «ልጄን ልሸኝ ነው» ትላለች፤ ድምጿ የመልሱን ቀን ያህል ከፍ ብሏል። ያን ጊዜ ነው ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር የተፈታው፣ በዚያው ደግሞ ሌላው የታሰረው።

ሾፌሩ «እማማ፣ መሸብን እኮ» አላት።

«ገና ስድስት ሰዓት ነው፣ ምኑ ነው የመሸብህ? ይልቅ ስትነዳ ፊት ፊትህን እይ» አለችው። ከረጢቱን ተቀብላ ድመቷን ከተተችና ገመዱን በልብስ ሰፊ ቋጠሮ፣ አየር እንዲያስገባ አድርጋ አሰረችው።

«አማትሽ አዙረዋታል?»

«ሦስት ጊዜ።»

ከረጢቱን በሁለት እጇ ያዘች። መጀመሪያ ግን እጇን በባለቤቴ ራስ ላይ፣ ከዚያ በኔ ላይ አድርጋ መረቀች፤ ውጡ ግቡ፣ ክፉ አይንካችሁ፣ ውሃ አይጥማችሁ፣ ያኑራችሁ። ድምጿ መሃል ላይ ተሰበረና ጠግና ጨረሰችው። ከዚያ ጋቢና ስንገባ ከረጢቱን አዞረችው። አንድ። ሁለት። ቆመችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«እማ፣ ሦስት ነው» አልኳት።

«መቁጠር አውቃለሁ» አለች፣ በሩንም ከውጭ ገፍታ ዘጋችው።

ጊንጪ ላይ ስልኬ ጠራ፤ እናቴ ናት፤ «የት ደረሳችሁ?» ሆለታ ላይ ደግማ ደወለች። አዲስ አበባ ሲመሽ ገባን፤ የስንቅ መኪናው ላይ ሊነጋጋ ሲል ተጫንን። አዋሽ ስትደውል ባለቤቴ ስልኩን ተቀብሎኝ፣ «እማማ፣ እንዲህ ከሆነ አብረውን ቢመጡ ይቀላል» አላት። ሳቋ እኔ ድረስ ተሰማ።

መጋረጃው የዚያችን ክፍል መስኮት ሁለት እጥፍ ሆነ። አልቆረጥኩትም፤ አጥፌ ሰቀልኩት፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው መስኮት ትልቅ ይሁን ትንሽ አይታወቅም። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ጓዝ አስረናል። አሁንም ይህን ስጽፍ ሁለት ካርቶን ሳይፈታ በር አጠገብ ተቀምጧል፤ ዝውውር አለ የሚል ወሬ ስላለ መፍታቱ አላሰኘኝም። ምልምል አርጅቶ ካርቶኖቹ ላይ ይተኛል። ድመቷ አለች። በተነሳን ቁጥር ከረጢቷን ይዤ ደጅ እወጣለሁ፤ ባለቤቴ ከመኪናው ላይ ሆኖ «ሦስት አድርጊው እንጂ፣ ደግሞ አምልጣ ታስሮጠናለች» ይለኛል።

ሁለቴ አዞራትና እሳፈራለሁ።