ገመድ የማይፈልግ ቀፎ

ከደካ ከተማ በላይ ካለው ቀበሌያችን ተነስቼ ቦንጋ የሄድኩት ልጄን ተስፋዬን ከማረሚያ ቤት ላመጣ ነው። ስድስት ዓመት ታስሮ ነበር። ጽሕፈቴ የመሠረተ ትምህርት ጽሕፈት ናት፤ ቢሆንም ያየሁትን እንዳየሁት አስፍሬዋለሁ። የታሰረ ልጅ ያለው ሰው ያንብበው።

የታሰረበትን ነገር አስቀድሜ ልናገር። በእኛ ሀገር ቀፎ የሚሰቀለው ትልቅ ዛፍ ላይ ነው። ሰው በገመድ ይወጣል፣ በገመድ ይወርዳል። ተስፋዬና የጎረቤታችን የገብሬ ልጅ አሰፋ በአንድ ዛፍ ተጣሉ፤ ይኼም የአባቴ ነው አለ፣ ያም የአባቴ ነው አለ። አሰፋ ዛፉ ላይ ሳለ ወደቀና ሞተ። ፍርድ ቤት «ተስፋዬ ገመዱን ስቧል» ብሎ ፈረደ። እኔ ግን «ራሱ ነው የወደቀው» አልኩ። ሽማግሌዎች «ገብሬ ደጅ ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ጠይቅ» ሲሉኝ፣ «ልጁ ያልገደለ አባት ምን ቆርጦት ድንጋይ ይሸከማል?» ብዬ መለስኳቸው። ደም ያለባቸው ሁለት ቤቶች ደግሞ ሳይታረቁ ከአንድ ምንጭ አይቀዱም።

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ

ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ፣ የተስፋዬን አዲስ ኮት በፌስታል አንጠልጥዬ ወጣሁ። ኮቱን የገዛችው እናቱ ናት። ሳታለብሰው ባለፈው ክረምት አረፈች።

ወደ ደካ የሚያወርደው አቋራጭ በገብሬ አጥር ሥር ያልፋል። እኔ ግን እንደለመድኩት በወንዙ በኩል ዞርኩ። ዙሩ አንድ ሰዓት ይጨምራል፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። አንዴ ተንሸራትቼ ወደቅሁ። የሚያነሳኝ ስላልነበረ ራሴ ተነሳሁ።

ደካ ሻይ በዳቦ ቀመስኩና ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። እስኪሞላ ብዙ አስጠበቀን። ከጎኔ የተቀመጠው ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው። ኮቱን አየና ጠየቀኝ።

«አባባ፣ ሠርግ ነው?»

«ልጄ ሊመረቅ ነው» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

«እንኳን ደስ አለዎት! በምን?»

«በእንጨት ሥራ።»

«ስንት ዓመት ተማረ?»

«ስድስት።»

«ስድስት! ሐኪም እንኳን ከዚህ አይበልጥም!» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጫካው ጉም ለብሷል፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ላይ ቀፎዎች ተንጠልጥለው ይታዩኛል። አንዳንዱ ዛፍ ላይ ገመዱ ሳይፈታ ቀርቷል። 

ቦንጋ

ከሰዓት በኋላ ገብቼ አልጋ ቤት አደርኩ። ጠዋት ባጃጅ አስቆምኩ።

«ወደ ላይ ነው የምሄደው» አልኩት፤ ስሙን መጥራት ከብዶኝ።

ሾፌሩ ፌስታሉን አየና «ማረሚያ ቤት ነው አይደል? የሚፈታ አለዎት» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«ስንቅ የሚያመላልስ ሰው ሳህን ነው የሚይዘው። ልብስ ከያዘ የሚፈታለት አለ ማለት ነው። አይፈሩ አባባ፣ ይኼ ደስታ ነው!»

ደስታ ነው ብዬ ገባሁ። ታራሚዎችን የምትመክር ሴትዮ ቢሮዋ አስቀመጠችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ የልጄ ፋይል ተዘርግቷል።

«አባት፣ ልጅዎ ጎበዝ ነው» አለችኝ። «ሰርተፊኬት አለው። ወርክሾፕ ውስጥ ሌሎችን ያስተምር ነበር። አንድ ፎርም ብቻ አልሞላልንም።»

«የምን ፎርም?»

«ሲወጣ የሚኖርበት ቦታ የሚለውን። ሦስት ጊዜ ሰጠሁት፤ ሦስቴም ባዶውን መለሰው። ዕርቅ ወርዷል?»

«የምን ዕርቅ? ልጄ ሰው አልገደለም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኛ ሙያ እናስተምራለን፣ እንመክራለን። የሰፈሩ በር ግን ከእናንተ ዘንድ ነው። የቀረውን እሱ ይንገርዎት።»

ከቢሮው ወጥቼ ግቢው ውስጥ ስጠብቅ ተስፋዬ የሳንቃ ቀፎ ተሸክሞ መጣ፤ ይኼ ዘመናዊ የሚሉትን። ጸጉሩ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ጉልበቴን ሳመኝ። ኮቱን አለበስኩት፤ አልቆለፍ አለ። መላጊያ ሲገፋ ትከሻው ሰፍቷል። እናቱ የገዛችለት በድሮው ትከሻ ልክ ነበር።

«ና እንሂድ» አልኩት። «ሚኒባሱ ሳይሞላ።»

«አልሄድም፣ አባባ። እዚህ አንድ እንጨት ቤት ሥራ አግኝቻለሁ።»

«ቤትህ እያለ?»

«ገመዱን ስቤዋለሁ።»

«ዝም በል! ሰው ይሰማሃል።»

«እዚህ ያልሰማ የለም። ለፍርድ ቤቱም ተናግሬያለሁ፤ እርስዎ ግን ልጄ ፈርቶ ነው አሉ። ላስደነግጠው ነበር የሳብኩት። ስቤዋለሁ። ያልሰሙኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም አጠገቤ ቁጢጥ አለና ቀፎውን መታ መታ አደረገው።

«ይኼ ዛፍ ላይ አይሰቀልም። መሬት ላይ ነው የሚቆመው፣ ገመድ አይፈልግም። ለጋሽ ገብሬ ያድርሱልኝ።»

«እኔ? ገብሬ ደጅ? ሞቼ ነው!»

«እንግዲያው ቀፎውም እዚሁ ይቅር። እኔም እዚሁ እቀራለሁ።»

ግትርነቱን ከማን እንደወሰደ ልጠይቀው አልቻልኩም።

መመለሻ

ቀፎውን ሚኒባሱ ጣራ ላይ አስጫንኩት። ልጄ ሽቅብ በአዲስ ኮቱ ሄደ፣ እኔ ቁልቁል ሄድኩ። ረዳቱ «ጋሼ፣ ማር አለበት? እናውርደው እንዴ?» እያለ መንገዱን ሁሉ ቀለደብኝ። 

ከደካ ቀፎውን ትከሻዬ ላይ አደረግሁ። በወንዙ በኩል ልዙር ብል ጭነቱ አላስቻለኝም ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። ወድጄ ነው በአቋራጩ የሄድኩት። ገብሬ ደጅ ደረስኩ። ውሻው ጮኸ፣ ገብሬ ወጣ። ከቅርብ ሳየው በጣም አርጅቷል።

ሽቅብ ቁልቁል አየኝና «ድንጋይህ የታለ?» አለኝ።

«ይኼን ነው የተሸከምኩት።»

«ማን ሠራው?»

«ልጄ። መሬት ላይ ነው የሚቆመው። ማንም ዛፍ አይወጣበትም።»

ገብሬ ቀፎውን በእጁ ዳሰሰው። ከዚያ «ምን ልትል መጣህ?» አለኝ።

«ገመዱን ስቧል።» ቃሉ እንደ ኮሶ መረረኝ። «ልጄ ነው ልጅህን የገደለው። ይቅር በለን።»

«ይህችን ለማለት ስድስት ዓመት ፈጀብህ?»

«ፈጀብኝ።»

«እሱማ የተፈረደበትን ታሰረ» አለ። «እኔ የጠበቅሁት አንተን ነበር። አሰፋን ስንቀብር እንኳን አልመጣህም።»

ይኼን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ገብሬ እስክጨርስ ቆመና «እዚያ ዋንዛው ሥር አስቀምጠው። ግባ ግን አልልህም» አለኝ።

«አትበለኝ» አልኩት።

ቤቴ ገብቼ ያንን ባዶ ፎርም አሰብኩ። ማረሚያ ቤት ልጄን አስተምሮ፣ አርሞ፣ ሙያ ሰጥቶ አውጥቶታል። እዚያ ላይ የሚጽፈውን ቤት ያሳጣሁት እኔ ነኝ፤ እንዲጽፈው የማደርገውም እኔው ነኝ። ሽማግሌዎች ገብሬን ሁለት ጊዜ አነጋግረውታል። ገና መልስ አልሰጠም።

አሁን ሁልጊዜ በአቋራጩ እሄዳለሁ። ቀፎው ዋንዛው ሥር ባዶውን ቆሟል። ተስፋዬ እሁድ እሁድ ይደውልና «ንብ ገባ?» ይለኛል። «ገና ነው» እለዋለሁ። በእኛ ሀገር ንብ እንዲገባለት የሚሻ ሰው ቀፎውን አስቀድሞ በቅጠል ያጥነዋል። ትናንት ሳልፍ ገብሬ ቀፎው አጠገብ ተንበርክኮ ውስጡን ሲያጥን አየሁት። ቀና ብሎ አላየኝም።

ይኼን ለተስፋዬ በስልክ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እኔም አልዘጋሁትም።