አፍ ያልሠራሁለት ሰው

አላህ የሸፈነልህን ነውር አትግለጥ ተብለን ነው ያደግነው። እኔም በዚህ ተደግፌ ዓመታት ዝም አልኩ። ለእናቴ አልነገርኩም። ለልጄ አልነገርኩም። በዱዓዬ እንኳ ነገሩ ላይ ስደርስ በጎን አልፈዋለሁ። ግን የራስ ኃጢአት ሌላ ነው፣ የሰው ሐቅ ሌላ ነው። የሰው ሐቅ ባለቤቱ አውፍ ብሎ ይቅር ካላለ አይለቅም። የኔ ደግሞ ባለቤቶቹ ብዙ ናቸው። ይህን የምታነቡት እናንተም ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ከአጋሮ ወጣ ብሎ፣ ዋናው መንገድ ዳር ትንሽ የቡና ማሳ አለችኝ። ባለቤቴ ሲሞት ከማሳዋና ከልጄ ከሐያት ጋር ቀረሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱም አላሳፈሩኝም። ያሳፈርኩት እኔ ነኝ።

ሐያት ስምንተኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት ቡናው ጥሩ ያዘ። ጦጣዎቹ ይህን ከኔ ቀድመው አወቁ። ቀይ ቀዩን መርጠው ይመጣሉ፣ ፍሬውን ይተፋሉ። ስጮህባቸው ቁጭ ብለው ያዩኛል። ጦጣ ከሴት አይሸሽም ይባላል፤ እውነት ነው።

ስለዚህ ወንድ ሠራሁ።

ሱሪው የሟች ባለቤቴ ነበር። ቦቲ ጫማው የወንድሜ ነበር። ሆዱ ጭድ የሞላሁት ማዳበሪያ፣ ራሱ ነጭ ቆብ የደፋሁበት ቅል ነው። በጆንያ መርፌ ሰፍቼ የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ አሰርኩት። ዓይንና አፍ ግን አልሠራሁለትም። የሰው መልክ መሥራት እንደማይወደድ ስለማውቅ ፊቱን ባዶ ተውኩት። በዚህም ራሴን ጻድቅ አድርጌ ቆጠርኩ።

የቀረው ካፖርት ነበር። እሱንም አገኘሁ። ጎረቤታችን አባ ፊጣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ፀሐይም ሆነ ዝናብ ከቡናማ ካፖርታቸው አይለዩም። አዲስ ሲያሠፉ አሮጌውን ለሐያት ብርድ ይከላከልላት ብለው ሰደቃ ሰጡን። እኔ ምን አደረግኩ? የየቲም ልጄን ሰደቃ ለእንጨት አለበስኩ። አልብሼ ወደ ኋላ ብል አባ ፊጣ ቡናዬ ውስጥ ቆመዋል። ደንግጬ ሰላም ልላቸው ምንም አልቀረኝ።

ጦጣዎቹ ጠፉ። አመሰገንኩ። ፈጥኜ ነበር ያመሰገንኩት።

እኛ አገር መንገደኛ ሰላም ሳይል አያልፍም። ከመንገድ ሲታይ ሰውዬው በቅጠሉ መሐል ከወገቡ በላይ ብቻ ነው የሚታየው፤ የደከምኩበት ቦቲ እንኳ አይታይም። ሰው ሁሉ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ አባ ፊጣ» እያለ ያልፋል። እሱ ዝም። ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ ደንቁረዋል ይባል ነበር። ግን የጭነት መኪና ሲያልፍ ነፋሱ የካፖርቱን እጅጌ ያነሳዋል።

ጎረቤቴ አዴ ዘሐራ መጥታ ነገረችኝ።

«አባ ፊጣ እኮ ኮሩ። በእግሩ ለሚሄድ ዝም፣ ለባለ መኪና እጅ ማንሳት።»

«ጤና አጥተው ይሆናል» አልኳት።

«እጃቸው ጤነኛ ነው» አለች።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። መሳቂያ ሆኜ ያልቅ ነበር። ግን ሰደቃቸውን ምን እንዳደረግኩት መናገር ሊኖርብኝ ነው። ደግሞ ቡናው ገና አልተለቀመም። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በነጋው ጦጣዎቹ ተመለሱ፤ ሰውዬውን ለምደውታል። አንዷ ትከሻው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። አዴ ዘሐራም ዳግመኛ መጣች። አባ ፊጣ ከጦጣ ጋር ተስማምተዋል፣ የበዛንባቸው እኛ ነን እየተባለ ነው አለችኝ። ሳቄን በነጠላዬ ያዝኩ። አዎ፣ ሳቅሁ። ይህንንም ጻፉብኝ።

ከዚያ በኋላ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የአባ ፊጣ ልጅ ናስር አንዲት የሸቤ ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ነበር። የልጅቷ አጎት ቤተሰቡ እንዴት ያለ እንደሆነ ሊያይ ሳይነገር መጣ፤ ከአጋሮ በእግሩ ነው የመጣው። የኔ ማሳ ጋ ሲደርስ በተነገረው ቡናማ ካፖርት አባ ፊጣ መስለውት ሰላም አለ። ደገመ። መልስ የለም። ወዲያው አንድ መኪና አለፈ፣ እጅጌው ተነሳ። ሰውየው አባ ፊጣ ቤት ሳይደርስ ከዚያው ተመለሰ። ሰላም ለማይመልስ ቤት ልጅ አንሰጥም የሚል መልስ መጣ።

አባ ፊጣ ቤቴ መጡ። ያን ያህል ሰው ባለበት መንገድ ሲመጡ ሰላምታቸውን ማንም አልመለሰላቸውም ነበር። ውኃ ሰጠኋቸው፣ አልጠጡም።

«አንቺ መንገድ ዳር ነሽ» አሉኝ። «ሰው ምን ይላል? ምን በደልኩ?»

«ምንም አልሰማሁም» አልኳቸው።

ምንም። ይህች ናት ኃጢአቴ። ቡናም አይደለም፣ ጭድም አይደለም። ዓይናቸውን እያየሁ ምንም አልኩ።

እሳቸው እንደሄዱ ሰውዬውን አፈረስኩት። ጭዱን ለላም ሰጠሁ፣ ካፖርቱን ሣጥን ውስጥ ደበቅኩ። አባ ፊጣ ግን ጥፋታቸውን ሳያውቁ ይክሱ ጀመር። መንገድ ዳር ቆመው ላለፈው ሁሉ ቀድመው ሰላም ይላሉ። አህያ ነጂው ርቆ ከሄደ ተከትለውት ይሄዳሉ። ሰው ኩራታቸውን ተዉት አለ። ወሬው ሸቤ ደረሰ፣ ሠርጉም ሆነ። እኔም ሄጄ በላሁ። ጨመሩልኝ፣ እሱንም በላሁ።

ባለፈው ረመዳን ሐያት ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ሥነ ጽሑፍ ነው የምታጠናው። ዘንድሮ የሚማሩት የድሮ የፈረንጅ አስፈሪ ልብ ወለዶች ናቸው አለችኝ፤ ጨለማ ግንብ፣ ነጎድጓድ፣ በር ዘግቶ ፍጡር የሚሠራ ምሁር ያለባቸው። ቡና በሰፌድ ስንለቅም ትተርክልኛለች።

«ኡሚ፣ ፈጣሪው ጭራቁን ይሠራውና...»

«ሠሪው በይ» አልኳት። ፈጣሪ አንድ ነው።

«እሺ፣ ሠሪው። የሠራውን ሲያይ ይሸሻል። ጭራቁ ሰው ሲጎዳ እንኳ የኔ ነው አይልም። መምህራችን ጭራቁ የትኛው ነው ብሎ ጠየቀን።»

«አንቺ ምን አልሽ?»

«ሠሪው ነዋ።»

ጠጠሩን ልጥል ብዬ ደህናውን ቡና ጣልኩ። ሐያት ቀጠለች። በአንዳንዶቹ ጭራቁ አፍ አውጥቶ ሠሪውን ይከሳል አለች። የኔ መክሰስ አልቻለም፤ አፍ አልሠራሁለትም። እነዚያ ምሁራን ነጎድጓድ ነበራቸው፣ ግንብ ነበራቸው፣ እብደትም ነበራቸው። እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ በጆንያ መርፌ፣ በሙሉ ጤናዬ ነው የሠራሁት። በምን ላመካኝ?

በዒድ ጧት ካፖርቱን አጥቤ፣ አጥፌ አባ ፊጣ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ካፖርቱን ዘርግተው አገላበጡት።

«ያ ሰው የኔን ካፖርት ለብሶ ነው እንዴ?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እኔም እኮ ሰላም ብዬው ነበር። ሲመሽ ዓይኔ አያይም። ዝም ቢለኝ፣ ይህ ኩሩ የማን እንግዳ ነው ብዬ ተቀየምኩት። እስከ ዛሬም አልተውኩለትም።»

ቆባቸው እስኪወድቅ ሳቁ። እኔ አለቀስኩ። ሲበቃቸው ቆባቸውን አነሱ።

«የራሴን ሐቅ አውፍ ብዬሻለሁ» አሉኝ። «የመንገደኛውን ግን እኔ አልችልም። ሰላምታ መስጠት ሱና ነው። መመለስስ?»

«ግዴታ» አልኩ።

«እንግዲህ የሚመልሰው ማነው?»

በዚያ ዓመት፣ ቡናው ቀይ በነበረበት ወራት፣ ከአጋሮ ወጣ ባለው መንገድ በእግራችሁ ያለፋችሁ ሁሉ፤ ሰላም ብላችሁ መልስ ያጣችሁ፣ ደግማችሁ ያጣችሁ፣ ተቀይማችሁ ቤታችሁ የገባችሁ። አባ ፊጣ አልነበሩም። ጭድ ነበር። ጭዱን ያቆምኩት እኔ ነኝ። ለመዘግየቴ ምክንያት የለኝም።

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።