ያላደረስኩት የአብሾ መልእክት

ነርሷ ጠብታውን በሁለቱም ዓይኖቼ ጨምራ፣ «ብሌኑ እስኪሰፋ እዚህ ተቀመጪ። ብርሃን ይከብድሻል፣ እስከ ማታ ግን ይለቅሻል» አለችኝ። ጅዳ ስኖር ሃያ ምናምን ዓመት ሆነኝ፤ ዓይን ሐኪም ዘንድ ስቀርብ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ጥቂት ቆይቶ የመስኮቱ ብርሃን እንደ መርፌ ይወጋኝ ጀመር። ፊቴን ልታጠብ ገብቼ መስታወት ብመለከት፣ ዓይኖቼ ጥቁር ብቻ ሆነዋል። የእኔ አልነበሩም፣ የወንድሜ ዓይኖች ነበሩ። «ያረቢ!» ብዬ ግድግዳውን ያዝኩ።

ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ላንቺ ልንገርሽ።

ቤታችን ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነበር። አብዮቱ መጥቶ መሬት ሲከፋፈል አባቴ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ እርሻ አገኘ። ሁለት ክረምት አርሶበት ሞተና ሞፈሩ ለወንድሜ ቀረ። መሬቱን በገመድ የለካልን የገበሬ ማህበር ሊቀመንበር፣ ዓመታት ቆይቶ ደግሞ ልጆችን ለጦርነት ይመዘግብ ጀመር። ኮታ አለበት ይባላል። ወንድሜ ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ዘጠኝ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ወዳጃ ተቀመጠ፤ ሰው ተሰብስቦ ጫት እየቃመ ዱዓ የሚያደርግበት ማለት ነው። ጫቱ ሳይመረቅ አንድ ቅጠል አይነካም። ሸሁ እጃቸውን ዘርግተው «ልጆቻችንን ከጥይት ጠብቅልን» ሲሉ ቤቱ «አሚን» እያለ ይነቃነቃል። አንዱ ሽማግሌ፣ «ሸሆቹ፣ በልጆቹ ፈንታ ሊቀመንበሩን ይውሰድልን ብለው ቢጨምሩበትስ?» አላቸው።

«እሱንማ ጦሩም አይፈልገው» አሉ ሸሁ፣ ጉንጫቸው እንደተወጠረ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ዱዓውን አሚን ብላ ተቀብላለች፤ ሆኖም ውጫሌ ላይ አንድ እብድ ከወታደር መኪና አውርደው መመለሳቸውን ሰምታ ነበር።

ከእኛ ቁልቁል አንድ ክርስቲያን መሪጌታ ይኖሩ ነበር። አብሾ ያውቃሉ ይባላል። አብሾ የሚበጀው ከአስተናግር ነው። የቤተ ክህነት ተማሪዎች ትምህርቱ እንዳይጠፋቸው ይጠጡታል፤ የጠጣው ለቀናት ይቀባጥራል፣ የሌለ ያያል፣ ከዚያ አእምሮው ይከፈታል ነው ወሬው። አስተናግሩ ራሱ በየአውድማችን ዳር ይበቅል ነበር፤ አበባው እንደ መለከት የተከፈተ ነጭ፣ ፍሬው እሾሃም። ቅጠሉን ስታሺው ሽታው ያቅለሸልሻል። ፍየል እንኳ ዞር ብላ ታልፈዋለች።

እናቴ ይዛኝ ወረደች። መሪጌታው መጀመሪያ ተቆጧት።

«አንቺ ሴት፣ ይኼ ለትምህርት እንጂ ለማሳበጃ አይሰጥም!»

«የኔታ፣ የሞተ ልጅ ምን ይማራል?» አለቻቸው።

ዞረው እኔን አዩኝ። ከዚያ፣ «ነገ ልጅቷን ላኪያት» አሉ።

በማግስቱ አፉ በቅጠል የተወተፈ ትንሽ ቅል ሰጡኝ። ዝቅ ብለው ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «ለእናትሽ እንዲህ በያት። እስኪለቀው ጨለማ ቤት ይቀመጥ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን አረቄ እንዳይቀምስ። አንዲት ጉንጭ ከቀመሰ አብሾው ይነሳበታል፣ መመለሻም የለውም። ሰማሽ?» አሉኝ።

«ሰማሁ፣ የኔታ።»

ዳገቱን ስወጣ ያች አንዲት ቃል ከቅሉ ይልቅ ከበደችኝ። ቁርኣን የምቀራ ልጅ ነበርኩ። አረቄ የሚል ቃል በቤታችን ተነስቶ አያውቅም፤ ከአፌ ቢወጣ ምላሴ የሚረክስ መሰለኝ። ደግሞስ እኛ ቤት ማን ይጠጣል?

«ጨለማ ቤት ይቀመጥ ብለዋል» አልኳት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ወንድሜ ጠጣ። ወዲያው አፉ ደረቀ፣ ብሌኑ ዓይኑን ሞላው። የሞተውን አባታችንን ስለ በሬዎቹ ያዋራው ነበር። ከጋቢው ላይ የሌለ ክር ይለቅማል። በሩ በተከፈተ ቁጥር «ብርሃኑን ጋርጂልኝ፣ እቴ» ይለኛል። ሻሼን በሁለት እጄ ወጥሬ ፊቱ ላይ እይዝለታለሁ።

ሊቀመንበሩ ታጣቂዎች አስከትሎ መጣ። አጎንብሶ አየው፣ እጁን ዓይኑ ፊት አወዛወዘ። «ይኼማ ለቋል» ብሎ ስሙን ሰረዘ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ አለቀሰች፤ ደስታ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ነቅቶ ቂጣ ጠየቀ። እናቴ አገላብጣ ሳመችውና፣ «እንግዲህ ሰው ፊት እብድ፣ ቤት ውስጥ ልጄ ሁን» አለችው። እብደቱን ወደደው። ገበያ መሃል የሊቀመንበሩን አህያ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እንደምን ዋሉ?» ብሎ እጅ ነሳት፤ ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። ሳይነጋ ያርሳል፣ ሲነጋ ያብዳል። ያን ዓመት ጤፋችን አማረ።

ከመከር በኋላ እኔና ወንድሜ ሐይቅ ከተማ ገበያ ወረድን። መጠጥ ቤቱ ደጃፍ የተቀመጡ ታጣቂዎች ጠሩት። አንደኛው በመለኪያ አረቄ ሞልቶ፣ «እብድ ሐላልና ሐራም አይለይም። ጠጣና እንመንህ» አለው።

ወንድሜ የሚያውቀው ሐራምነቱን ብቻ ነበር። ነፍሴን ለማትረፍ ነውና አላህ ይምረኛል ብሎ እንዳሰበ ከፊቱ አነበብኩ። እኔ ግን ሌላውን አውቅ ነበር። አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ የእጀጠባቡን ጫፍ ይዣለሁ። ብጮህ እብድ አለመሆኑ ይታወቅበታል፣ እዚያ የቆመው የወታደር መኪና ላይ ይጭኑታል። መለኪያውን አንስቶ በጠርዙ ላይ አሻግሮ አየኝ፣ ጠቀሰኝም። እጀጠባቡን ለቀቅኩት።

ጠጣ። ታጣቂዎቹ አጨበጨቡለት።

ቤት ሳንደርስ የሌለ ክር መልቀም ጀመረ። አብሾው ይሁን ሌላ በሽታ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ መመለስ ግን አልተመለሰም። ጦርነቱ አልቆ መንግሥት ተለወጠ፣ ከዘመቱት እንኳ አንዳንዶቹ መጡ። እሱ በሐይቁ ዳር ቄጠማ ውስጥ እየተንከራተተ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ አንድ ጠዋት ውሃው ላይ ተገኘ።

እናቴ እስክትሞት ድረስ ትጠይቀኝ ነበር። እዚህ ከመጣሁም በኋላ፣ በስልክ።

«መሪጌታው ሌላ ነገር አላሉሽም ነበር፣ ልጄ?»

«አላሉኝም፣ እማ።»

በየሰላቴ አላህን ምሕረት እለምናለሁ። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አውፍ ብሎ ይቅር ካላለ እንደማይነሳ ተምሬያለሁ፤ ባለቤቶቹ ሁለቱም አፈር ውስጥ ናቸው።

ከመታጠቢያው ወጥቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ብርሃኑ አልቻል አለኝ። የሂጃቤን ጫፍ በሁለት እጄ ወጥሬ ፊቴ ላይ ያዝኩት። ነርሷ መጥታ ስሜን ስትጠራ እንኳ አላወረድኩትም፤ ክንዴ እስኪዝል ድረስ ጋርጄ ቆየሁ።