ፊልሙ እንዴት ነበር?

ያሳሰረኝ ሳቅ ነው።

ጣሊያን በሚያስቆፍረው የጣርማ በር ዋሻ ድንጋይ ከሚፈልጡት አንዱ ነበርኩ። የሦስት ቀን ፈቃድ አገኘሁና ለእናቴ በርበሬና ጥቂት ማሽላ ልገዛ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። የገበያው ዕለት አመሻሽ ላይ አንድ ካሚዮን መጥቶ ከገበያው ጥግ ቆመ። አስካሪዎቹ፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች፣ ሁለት ግንድ ተክለው ነጭ ጨርቅ ወጠሩበት። ገበያተኛው ወደ ቤቱ እንዳይበተን መንገዱ ተዘጋ። ጣሊያን ሲኒማ ሊያሳየን ነበር።

ፀሐይዋ እንደጠለቀች ጀመረ። መጀመሪያ መርከብ አየን፤ ቀጥሎ ሰልፍ አየን። ከዚያ አስተርጓሚው በካሚዮኑ ላይ ቆሞ «አሁን ደግሞ ሽፍቶች እጃቸውን ሲሰጡ ታያላችሁ» አለ። ጎፈሬው የተንጨባረረ ሰውዬ ጠመንጃውን አስቀምጦ የሹሙን እጅ ሲስም ታየ። የሰውዬው ግራ ጆሮ ቁራጭ ነው። ደንግጬ ዓይኔን አሸሁ። ሰውዬው ዋሻው ውስጥ ከእኔ ጎን ድንጋይ የሚፈልጥ፣ ጠመንጃ እንኳ በወጉ መያዝ የማያውቅ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ቀርቶ በማግስቱ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ የመጣው ለካ ለዚህ ኖሯል።

«ይኼ እኮ የኛው ድንጋይ ፈላጭ ነው!» ብዬ ሳቅሁ።

አጠገቤ ያሉትም ሳቁ። ሳቁ እየሰፋ ሄደ። አስካሪዎቹ አለንጋቸውን ይዘው ወደ እኛ መምጣት ሲጀምሩ ጨርቁ ላይ ሌላ ሥዕል መጣ። እጃቸውን የኋሊት የታሰሩ ሰዎች ተሰልፈው ወደ አንድ ትልቅ ዋርካ ይሄዳሉ። በዚያን ጊዜ ከፊት ከተቀመጡት መካከል አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ሰው ሁሉ ሲጯጯህ እሳቸው በዝግታ ሄደው የጨርቁን ጫፍ ገለጡና ከኋላው ተመለከቱ። ከኋላው ሜዳ ብቻ ነበር። መብራቱ ጠፋ። በጨለማው ውስጥ አንድ እጅ ማጅራቴን ያዘኝ።

ያሰሩን በጥጥ መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር ክንድ የማያሳልፍ ቀዳዳ አለ። የግድግዳው ጭቃ የያዘው ብናኝ ጥጥ በነፋስ እየተነሣ ከላባችን ጋር ፊታችን ላይ ይለጠፍ ነበር። ሙቀቱ ከቀትር በኋላ እንደ ሰው ደረት ላይ ይቀመጣል። ወባ የያዘው አንድ እስረኛ ጥግ ላይ ተኝቶ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ከእኛ በፊት ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ግማሾቹ በተደበቀ ጠመንጃ፣ ግማሾቹ አርበኛ አብልታችኋል ተብለው የታሰሩ ገበሬዎች ናቸው። በሲኒማው የገባነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ጨርቁን የገለጡት ሽማግሌና አንድ የጀውሃ ጨርቅ ነጋዴ።

ሽማግሌው የቀወት ገበሬ ናቸው። ዝምተኛ ነበሩ። ነጋዴው ግን ከገባ ጀምሮ አፉ አልተዘጋም። ጨርቅ ሊያመጣ አዲስ አበባ በወጣ ቁጥር ሲኒማ ሳያይ የማይመለስ ሰው ነው። የታሰረውም ለአካባቢው ሰው «አትፍሩ፣ በብርሃን የሚሠራ ነገር ነው፤ ሲፈልጉ ቆርጠው ይቀጥሉታል» እያለ ሲያስረዳ ተሰምቶ ነው።

«ሲኒማ ቤቱን ሰው የሰይጣን ቤት ይለዋል» አለን። «ወላሂ፣ እኔ ሰይጣን አላየሁበትም። ያየሁት ባቡር ነው።»

ከዚያ ያየውን ፊልም ይተርክልን ጀመር። አንዲት ሴት ባቡር ጣቢያ ቆማ ባሏን ትጠብቃለች። ባቡሩ ይመጣል፣ ሰው ይወርዳል፤ እሱ የለም። በማግስቱም ትመጣለች። በመጨረሻ ባልየው ይመጣል፤ ግን አርጅታለችና አያውቃትም።

«ዘመድ የላትም ሴትዮዋ?» አለ አንዱ ገበሬ። «ያን ያህል ጊዜ ብቻዋን ስትቆም አንድ ሰው ውኃ አይሰጣትም?»

«ደግሞስ ባል ሚስቱን እንዴት አያውቃትም?» አለ ሌላው። «በድምፅዋ ያውቃታላ!»

«ድምፅ የለውማ! ያኔ ፊልሙ አይናገርም።»

«እንግዲያስ እንደዚያ በል! ቢሰማት ኖሮ ያውቃት ነበር።»

እኔ ሴትዮዋ ራሷ ለምን አልጠራችውም አልኩ። በወባ የሚንቀጠቀጠው ሰውዬ ከጥጉ ሆኖ «ኮርታ ነው» አለ። ለሦስት ቀን በዚያች ባላየናት ሴት ስንከራከር ሙቀቱንና ረኃቡን ረሳን።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ወደ ነጋዴው ተጠግተው ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁት። በመካከላቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

«አንተ ልጅ፣ እዚያ ጨርቅ ላይ የሚሄድ ሰው… ሲሄድ ካየኸው፣ እየሄደ ነው ማለት ነው? አሁን ማለቴ ነው።»

ነጋዴው ገባው። ፊቱ ላይ የነበረው ጨዋታ ጠፋ።

«አባቴ፣ ሥዕሉ አስቀድሞ የተነሣ ነው። ያኔ ሄዷል። አሁን የት እንዳለ ሥዕሉ አያውቅም።»

«ሦስተኛው» አሉ ሽማግሌው። «ከተሰለፉት ሦስተኛው። አንድ እግሩን ይጎትታል፤ በልጅነቱ ከበቅሎ ወድቆ ነው። ከታሠረ ወር ሆነው። ቀሪውን ሳያሳዩን መብራቱን አጠፉት።» ትንሽ ቆዩና «ቀሪው ምን ይሆን?» አሉ።

ነጋዴው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ጭንቅላቴን ጉልበቴ ላይ ደፋሁ። ግርግሩን ያስነሣሁት እኔ ነበርኩ።

በዚያው ከሰዓት አንድ ሰው አስገቡብን። ከደብረ ሲና በስርቆት ተይዤ ነው አለ። ፊቱ አልከሳም፤ ትንባሆ ይዟል፤ ማንም እስረኛ ትንባሆ ይዞ ገብቶ አያውቅም። ለሁላችንም አደለን። ከዚያ «እናንተ ሲኒማ አይታችኋል አሉ። የታሠሩት ሰዎች ሲሄዱ አያችሁ? የማንን አገር ሰው ይመስላሉ?» አለ።

ነጋዴው ሳቅ ብሎ ስለ ባቡሩ ይነግረው ጀመር። ሰውዬው ባቡር አላስደሰተውም። ዓይኑ ከአንዳችን ፊት ወደ አንዳችን ይዘዋወር ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስለ ሴትዮዋ መከራከር ተውን።

በማግስቱ አንድ በአንድ ተጠራን። የጣሊያኑ ካፒቴን ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። አስተርጓሚው በለሆሳስ «ፊልሙ እንዴት ነበር?» ይላል። ሌላ ጥያቄ የለም። ከእኔ በፊት የገባው ገበሬ ፊልሙን ጭራሽ አላየም፤ «ጥሩ ነው» ብሎ መልሶ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ተመለሰ። እኔ «ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ፣ ብዙ አላየሁም» አልኩ። ካፒቴኑ ብርቱካኑን እየበላ ረጅም ጊዜ ተመለከተኝ። አልመታኝም።

በአምስተኛው ቀን፣ በቀትር፣ ወደ ሌላው መጋዘን ወሰዱን። በሩንና ቀዳዳውን ሁሉ በብርድ ልብስ ደፍነውታል። ዐሥራችንን መሬት ላይ አስቀመጡን። ሽማግሌው ከጎኔ ናቸው። ጨርቁ ከፊታችን ተወጥሯል፤ ካፒቴኑ ግን ወንበሩን ገልብጦ ጀርባውን ለጨርቁ፣ ፊቱን ለእኛ ሰጥቶ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኛ የምናየው ፊልሙን ነው፤ እሱ የሚያየው እኛን፣ ከታሰሩት ሰዎች ዘመድ ያለው የቱ እንደሆነ ሊለይ።

የሲኒማው መኪና መንጫጫት ጀመረ። መርከቡ አለፈ፤ ሰልፉ አለፈ። የኔው ድንጋይ ፈላጭ እጅ ሳመ፤ ማንም አልሳቀም። የታሠሩት ሰዎች መጡ። ሦስተኛው ልጅ አንድ እግሩን እየጎተተ ሄደ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ቀና ብሎ አየን፤ ዐሥራችንንም የሚያየን መሰለኝ። የሽማግሌው ጉልበት ጉልበቴን ነክቶ ነበር። አልተንቀጠቀጠም።

ቀጥሎ የመጣው ሥዕል ያው ዋርካ ነው። ሰዎቹም እነሱው ናቸው። እግሮቻቸው ግን መሬት አልነኩም።

ብርሃኑ በሽማግሌው ፊት ላይ ሲርገበገብ በዓይኔ ጫፍ አያለሁ። ካፒቴኑ ወደ ፊት ዘንበል አለ። በዚህ ጊዜ ነጋዴው ብድግ ብሎ ወደ ጨርቁ እየጠቆመ «ጌታዬ! ጨርቁ ተቃጠለ፣ ጨርቁ!» ብሎ ጮኸ። ካፒቴኑ ዘወር አለ። ጨርቁ አልተቃጠለም። በዚያች ቅጽበት ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አንድ ጊዜ ብቻ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ገለጡም። ካፒቴኑ ሲመለስ ፊታቸው እንደ ነበረ ነበር። ነጋዴውን አስካሪው በጠመንጃ ሰደፍ ትከሻውን ብሎ አስቀመጠው።

ወደ መጋዘናችን ስንመለስ ባለ ትንባሆው ሽማግሌው አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ፊልሙ እንዴት ነበር?»

«ሙቀቱ አስቸገረኝ» አሉ። የመጣውን ዳቦ ቆርሰው በሉ። እስከ መጨረሻው ፍርፋሪ ድረስ አላምጠው ሲውጡ አየሁ። እኔ መብላት አልቻልኩም።

ሲነጋ ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ኩታቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገታቸው ላይ ነው። ሐዘንተኛ እንዲያ እንደሚለብስ በአገራችን የማያውቅ የለም። ያን ያህል የታገሡ ሰው ይህን አልቻሉም፤ ልጅ ሞቶ ኩታ አቅንቶ መልበስ አልሆነላቸውም። ባለ ትንባሆው አየ። ከተኛበት ቀና አለ። የቆጠራ ሰዓት ደርሷል፤ በሩ ሊከፈት ነው።

ነጋዴው ተነሣ። በተመታው ትከሻው እያቃሰተ ኩታውን አወለቀ፤ ገለበጠው፤ ጥለቱን አንገቱ ላይ አድርጎ ለበሰና ከሽማግሌው ጎን ተቀመጠ። እኔም ተነሥቼ እንደሱ አደረግሁ። ከዚያ ከንፈሩ የተሰነጠቀው ገበሬ፣ ከዚያ ሌሎቹ። በወባ የተኛውን ሰው ሁለቱ ደግፈው አለበሱት። ኩታ ያልነበረው አንዱ የተኛበትን ጆንያ ገልብጦ ትከሻው ላይ ጣለ። ዘጠኛችን በአንድ ግድግዳ ሥር ለቅሶ ተቀመጥን። አላለቀስንም። ባለ ትንባሆው ብቻውን መሐል ቆሞ ቀረ። እጁን ወደ ኩታው ጫፍ ሰደደና መለሰው።

በሩ ተከፈተ። ካፒቴኑ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ አስተርጓሚው ግን ያገር ሰው ነው፤ ከደጃፉ ቆመ።

«ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለ።

ነጋዴው ቀና ብሎ «ለሁላችንም ነው የሞተብን፣ ጌታዬ» አለ።

አስተርጓሚው ወደ ካፒቴኑ ዞረ። ቀጥሎ ተረጎመው። ካፒቴኑ ከአንደኛው እስከ ዘጠነኛው ፊታችንን አየ፤ ባለ ትንባሆውንም አየ፤ እሱም እያወቀ አላውቅም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ካፒቴኑ የሞተበት የቱ እንደሆነ አላወቀም። በመጨረሻ ጣቱን ወደ ተናገረው አነሣ።

ነጋዴውን በዚያው ጠዋት ካሚዮን ላይ ጫኑት። ሲያወጡት ደጃፉ ላይ ዘወር ብሎ «አላህ ያጽናችሁ» አለን። ለሁላችንም የተናገረው ነው፤ ለማን እንደሆነ ግን እናውቅ ነበር። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉት። ለሁለት ቀን ውኃ ተከለከልን። በወባ የታመመው ሰው በሁለተኛው ቀን ሞተ።

ሽማግሌው ከጥቂት ወራት በኋላ ተፈቱ። ከመውጣታቸው በፊት አንድ ጥዋት፣ ስንት ጊዜ ዋጥ ያደረግሁትን ነገር ነገርኳቸው። እኔ ባልስቅ ኖሮ የልጅዎ ነገር ያን ዕለት ማታውኑ ይለይልዎ ነበር አልኩ።

«ምነው ልጄ» አሉ። «ፊልሙ ተቋርጦ አምስት ቀን ልጄ በሕይወት ነበር እኮ። አምስት ቀን ቀላል ነው?»

እኔን ወደ ዋሻው ሥራ በዘበኛ መለሱኝ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጀውሃ ወርጄ የነጋዴውን ቤት ጠየቅሁ። ሚስቱ ሱቁን ከፍታ አቡጀዲ ትለካለች። የሰማሁት ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። የማውቀውን ነገርኳት፤ የሰደዱት ወደ ሶማሌ በረሃ ነው ከመባሉ በቀር ማንም ሌላ አያውቅም። የልጆቿን ስም ነገረችኝ፤ ምሳ አበላችኝ። ኩታ ተዘቅዝቆ ስለተለበሰበት ጠዋት ስነግራት እጇ ላይ ያለውን መለኪያ አስቀመጠችና «ይኼንን እንደገና ንገረኝ» አለች። ሦስት ጊዜ ነገርኳት።

አሁን አርጅቻለሁ። የልጅ ልጄ ሲኒማ ትወዳለች፤ አንዳንዴ ትወስደኛለች። ስንወጣ ከጓደኞቿ ጋር ደጃፉ ላይ ቆመው ይከራከራሉ፤ ዋናው ተዋናይ አበዛው፣ መጨረሻው አላማረኝም ይላሉ። በነጻነት ሲጨቃጨቁ መስማት ደስ ይለኛል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ታሪኩ ያመልጠኛል። ዋናዎቹ ሰዎች ሲነጋገሩ ከኋላቸው በመንገድ የሚያልፉትን ነው የማየው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ታይተው፣ ስማቸው ሳይጠራ ከጨርቁ ጠርዝ የሚወጡትን። አዳራሹ ውስጥ ከእነሱ አንዱን የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ፣ መብራቱ እስኪበራ ጎንና ጎኔ ያሉትን ሰዎች ፊት እንደ ካፒቴኑ እንዳላይ እጠነቀቃለሁ።